ለአባዬ፤ ስለዚያ ሰማያዊ መዝገብ

አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልጅ ሆኜ ደብዳቤ ስጽፍ ያለዚህ መግቢያ አትቀበለኝም ነበርና ይኸው። ስለ ጉልበትህ በስልክ ስጠይቅህ «ደህና ነው» ትላለህ። እማዬ ደግሞ ደረጃ መውጣት ትቷል አለችኝ። ማንን ልመን?

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «በል ካርድህን አታቃጥል» ብለህ ዘጋኸው። በኢንተርኔት እንደምደውል፣ የሚቃጠል ካርድ እንደሌለ ስንቴ ላስረዳህ? ስለዚህ ጻፍኩት። በትልልቅ ፊደል አትሜዋለሁ፤ መነጽርህን ፈልግና አንብበው። መነጽርህ አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮው ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ወር ነው። ሰኞ ጠዋት ኩባንያው አንድ ልጅ አስከትሎ ሰደደኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ካንተ ጋር ነው» አሉኝ። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው፤ እዚህ ሜሪላንድ እነሱም እንደኛው ብዙ ናቸው። አፕረንቲስ ይሉታል፣ እኔ ለማጅ እለዋለሁ። እንዲሁ ረዳት አይደለም፣ በመንግሥት የተመዘገበ ውል አለው። ሥርዓቱ የቆመው እንደ ፈረንጆቹ በ1937 በወጣ ሕግ ላይ ነው። ለማጁ ቢያንስ 2,000 ሰዓት ሥራ ላይ ማሳለፍ አለበት። በየዓመቱ ደግሞ 144 ሰዓት ገደማ ክፍል ገብቶ ይማራል። በእኛ ሙያ፣ በማቀዝቀዣና አየር ማስተካከያ ጥገና፣ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። ችሎታው ሲጨምር ደሞዙም አብሮ ይጨምራል።

ይህን ሲነግሩኝ የናንተ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በ30 ትዝ አለኝ። ሰባው ድርጅት ውስጥ፣ ሠላሳው ኮሌጅ ውስጥ። ወረቀት ላይ እንዴት ያምር ነበር! አንተ ግን ያን ሰባውን ለማግኘት ደብዳቤ ይዘህ ከአንዱ ፋብሪካ በር ወደ ሌላው ትዞር ነበር። «አምስት ልጅ ብቻ ተቀበሉኝ» እያልክ። አንዱ ተቀበለህና ልጆቹን ሁለት ወር ሙሉ መጋዘን አስጠረጋቸው። ያን ቀን ራትህን ሳትበላ ተኛህ። እኛ ደግሞ የታመምክ መስሎን ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ። አንድ ምግብ ቤት ተጠርተን ሄድን። ሥጋ የሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ ክፍል አልቀዘቅዝ ብሏል። ልጁ ገና ከመግባታችን የጋዝ መለኪያውን አወጣ። «ጋዝ ጎድሎታል፣ እንሙላለት» አለኝ። እኔ ሳላስበው «እጅህን ኪስህ ክተት» አልኩት። ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ቃሉ ያንተ ነዋ! ቶርኖ ክፍል፣ ያ የብረት መቅረጫ ማሽን ያለበት፣ የሚገባ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን ቀን እጁን ኪሱ ከቶ ነበር የሚውለው። ማየትና መስማት ብቻ። ማሽን በመጀመሪያ በጆሮ ነው የሚታወቀው ትላቸው ነበር። የማጥበቂያውን ቁልፍ ማሽኑ ላይ ረስቶ የሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ሁለተኛ አይገባም። «ያ ቁልፍ ማሽኑ ሲነሳ ተወርውሮ ዓይን ያጠፋል» እያልክ።

ጣራ ላይ ወጣን። ሙቀቱን የሚያስወጣው ክፍል በአቧራና በቅባት ተደፍኗል። ትንፋሽ አጥሮት ነው እንጂ ጋዝስ ሞልቷል። አጸዳነው፣ አጠብነው፣ ቀዘቀዘ። ሲመለስ ልጁ መኪና ውስጥ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«አባትህም ኤሲ ሠራተኛ ነው?»

«አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር።»

ግራ ገባው። ላስረዳው ስሞክር እኔም ግራ ገባኝ። አንተ ምን ነበርክ፣ አባዬ? መምህር? ባለሙያ? መዛኝ? እኔ ራሴ የማውቀው ቁርጥራጩን ነው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክን አውቃለሁ። ያ ሶቪየቶች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ የሩስያ ፊደል የተጻፈባቸው ማሽኖች። ሜታል ቴክኖሎጂ ስትመደብ አያቴ ለሦስት ቀን እንዳለቀሰች አውቃለሁ። «ልጄን ቀጥቃጭ ሊያደርጉት ነው» ብላ። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ነው። አያቴ ያለቀሰችው ከዚያ ሰባ ምናምን ዓመት በኋላ ነው። አዋጁ እሷ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው።

ለእማዬ ሽማግሌ ስትልክም ሽማግሌዎቹ «የመንግሥት መምህር ነው» ብለው ብቻ ዝም አሉ። የሚያስተምረው ብረት መሆኑን የእማዬ አባት የሰሙት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። እማዬ ይህን ስታወራ እስካሁን ትስቃለች። አንተ አትስቅም።

ከዚያ ያ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። በ1986 አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በ1989 ከግብርናው ውጭ በመላ አገሪቱ የነበሩት የቴክኒክና ሙያ ተቋማት 17 ብቻ ነበሩ። ተማሪያቸው ሦስት ሺህ አይሞላም። በ1997 ተቋማቱ 199 ደረሱ፣ ተማሪው ከ106 ሺህ በለጠ። እነዚህን ቁጥሮች በቃል የያዝኳቸው አንተ ንግግርህን መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰምቼ ነው። ቶርኖው ግን እንደ ተማሪው አልበዛም። በአንዱ ማሽን ዙሪያ ያ ሁሉ ልጅ ቆሞ፣ ከፊት ያሉት ያያሉ፣ ከኋላ ያሉት ያወራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘኸኝ ስትሄድ አይቼዋለሁ። ከኋላ ከሚያወሩት ጋር ነበር የምቆመው።

አስር ፕላስ አንድ፣ አስር ፕላስ ሁለት፣ አስር ፕላስ ሦስት፤ ከአስረኛ ክፍል በኋላ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቴክኒክ መማር። ሰፈር ውስጥ የእነዚህ ሁሉ ትርጉም አንድ ነበር፦ አስረኛ የወደቀ። እናቶች በር ዘግተው ያለቀሱለት ልጅ ማለት ነው። አንተ ደግሞ የእነዚያን እናቶች አዳራሽ ሰብስበህ «ሙያ የወደቀ ልጅ መጣያ አይደለም» ትል ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን መጣሁ። ታውቀዋለህ የትኛው ቀን እንደሆነ።

1995 ክረምት ነው። አስረኛን አልፌያለሁ፣ ፕሪፓራቶሪ የሚያስገባ ነጥብ አለኝ። እኔ ግን መካኒክነት ነበር የፈለግኩት። አዳራሹ ውስጥ ከእማዬ ጎን ቁጭ ብዬ ስትናገር ሰማሁህ። ወላጆች አጨበጨቡልህ። እኔ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ። ማታ ቤት ገብተን «እኔም ቴክኒክ ልግባ» አልኩህ። ቀና ብለህ አላየኸኝም። «አንተ ፕሪፓራቶሪ ትገባለህ» አልክ፤ በቃ። እኔም ሲያሳዝን «ለሰው ልጅ ሙያ፣ ለራስህ ልጅ ዲግሪ!» ብዬህ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አንስተን አናውቅም። ሃያ ዓመት አለፈው።

ማኔጅመንት ተማርኩ። ተመረቅኩ። ፎቶው ሳሎን ተሰቀለ። አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ እየወሰድኩ ስምንት ዓመት ኖርኩ። ዲቪ ደረሰኝና እዚህ መጣሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ዋሽንግተን መሬት ውስጥ መኪና ማቆም ነበር። ከጎኔ ያሉት ሁሉ አበሾች፣ ሁሉም ባለዲግሪ። አንዱ ፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ሌሊት ሌሊት በዚያ ብርድ ባንተ ላይ ስቆጣ አድር ነበር። እውነቱን መናገር ይሻላል።

አሁን ስለ መዝገቡ ልንገርህ።

ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቁ የሒሳብ መዝገብ። አራት ዓምድ አስምረህበት ነበር፦ ስም፣ ዓመት፣ ሙያ፣ የት ገባ። ሦስቱ በእስክሪብቶ፣ የመጨረሻው በእርሳስ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቤት ስልክ ትደውል ነበር። እማዬ በቢሉ ታማርራለች። ስልክ የሌለውን መርካቶ ወርደህ ታስሰዋለህ፣ ሶማሌ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ በየጋራዡ። «ያ ቀጭኑ ልጅ የት ገባ?» እያልክ። ያገኘኸውን ትጽፋለህ። ሥራ ሲቀይር ታጠፋና ትጽፋለህ። ወረቀቱ ከመፋቁ ብዛት ሳስቶ ነበር።

ቢሮ ውስጥ እንደሳቁብህም አውቃለሁ። እነሱ የሚፈልጉት ስንት እንደሠለጠነ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ስንት የሥራ ዕድል እንደተፈጠረ፣ ቋሚና ጊዜያዊ ተብሎ። ኮብልስቶን የመጣ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ድሬዳዋ በጀርመኖች ድጋፍ ተጀምሮ አዲስ አበባ ሲደርስ። ሰው ሁሉ «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ጠረባ» እያለ ሲቀልድ አንተ ተቆጣህ። ድንጋይ መጥረብ ሙያ ነው፣ እጅ ይፈልጋል አልክ። የተናደድከው በሌላ ነገር ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ልጆቹ የት እንደሚገቡ የሚጠይቅ ሰው አላገኘህም። ሪፖርቱ ላይ አንዴ ከተቆጠሩ ወዲያ እዚያው እንደሚኖሩ ነው።

እኔም እስቅብህ ነበር። እሱን ደግሞ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ምዘና መጣ። ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫው። እናንተም አሠልጣኞቹ ተመዘኑ ሲባል በሃምሳ ዓመትህ ማታ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግተህ ስታጠና አየሁህ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርከውን ነገር! ጠዋት ስትሄድ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለፍክ። ኬክ ገዝተህ መጣህና ለማን እንደሆነ አልነገርከንም።

መዛኝ ከሆንክ በኋላ ያመጣኸው የመካኒኩ ታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሰውዬው ሃያ ዓመት ሞተር አውርዶ የሰቀለ ነው። ተግባሩን አለፈ፣ የጽሑፉን ወደቀ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። ስክሩድራይቨር ይላል፣ ቫይስ ይላል። ሰውዬው የሚያውቀው ካቻቢቴና ሞርሳ ነው። ጣልያን ጥሎት የሄደውን ቃል ይዞ ሃያ ዓመት እንጀራውን በላበት፣ እንግሊዝኛ መጣና ጣለው። «ካቻቢቴ አምጣ ብለው እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ያመጣዋል» አልክ። ከዚያ ማታ ቁጭ ብለህ የጋራዡን ቃል ካንዱ ወገን፣ የእንግሊዝኛውን ከሌላው ወገን አድርገህ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍክ። ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ። ማስታወሻ ብለህ ለበላይ ልታቀርበው። ቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ፣ በ2003። መልስ መጣ እንዴ? አልመጣም መሰለኝ።

እንግዲህ ስማኝ። እዚህ ሥልጠና ስገባ የመጀመሪያው ሳምንት የዕቃ ስም ነበር። ከሌላ አገር የመጡት ጓደኞቼ ተጨነቁ። እኔ ሁሉንም አውቀዋለሁ። በዚያ ሁለት ገጽ ምክንያት። ቫይስ ሲሉኝ ሞርሳ ነው፣ ሞርሳ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ አንተ በቱታ ቆመህ። መልስ ያጣው ማስታወሻህ አንድ አንባቢ ነበረው።

ሥልጠናው ውስጥ እንዴት እንደገባሁ አልነገርኩህም። ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «የሥራ ማዕከል የሚባል አለ፣ ነፃ ነው» አለኝ። አላመንኩትም። እኔ የማውቀው የሥራ አጥ መታወቂያ ለማውጣት ወረዳ ተሰልፎ መዋልን ነው። ሄድኩ። አንዲት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት ተቀበለችኝ። መነጽሯን እንዳንተ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ዲግሪዬን አወጣሁላት። አየችውና ወደ ጎን አደረገችው። «በእጅህስ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ቅዳሜዎቹ ነገርኳት። ብዙ አወራሁ። እሷ ትጽፋለች።

የሥልጠናውን ክፍያ ማዕከሉ ቻለልኝ። ወራት ተማርኩ። የማቀዝቀዣ ጋዝ መንካት ካለፈቃድ ክልክል ነው፤ 608 የሚባል ፈተና አለው፣ የአየር ንጽሕና ሕጉ ክፍል ቁጥር ነው ስሙ። አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ 25 ጥያቄ፣ ማለፊያው ከመቶ 70። አንዴ ካለፍክ ወረቀቱ ጊዜው አያልፍበትም። አንተ መዛኝ ስለሆንክ ነው ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ። አዎ፣ የተግባር ፈተና የለውም። አውቃለሁ ምን እንደምትል።

ሥራ ያዝኩ። ስድስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፣ ያቺው ሴትዮ ናት። «አሁንም እዚያው ነህ? ደሞዝህስ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ዓመት ሲሆነኝ ደግማ ደወለች። «ምነው፣ ምን አድርጌ ነው?» አልኳት። ሳቀች። ሕጉ ነው አለችኝ። በ2014፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የወጣው የሥራ ሥልጠና ሕግ ፕሮግራሙን የሚመዝነው ሰውዬው ከወጣ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሩብ ዓመት ሥራ ላይ አለ ወይ? በአራተኛውስ? ስንት ሰው ሠለጠነ ብቻ ብሎ ማለፍ የለም።

መኪናውን ዳር አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። የት ገባ ማለት ነው እኮ፣ አባዬ። ያ አራተኛው ዓምድ። ቢሮ ሙሉ ሰው የሳቀበት፣ እኔም የሳቅኩበት ነገር እዚህ አገር ሕግ ነው።

አሜሪካ ሁሉ ነገር ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ማዕከሉ ውስጥ ፎርም ሲሞላ ውሎ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። አብረውኝ ከጀመሩት መሃል የቤት ኪራይ አላላውስ ብሏቸው ያቋረጡ አሉ። ደግሞ ሕጉ የሚጠይቀው ሥራ ላይ መሆንህን ነው። ብየዳ ተምረህ ፒዛ ብታደርስም ተቀጥሯል ተብለህ ትቆጠራለህ። አንተ ግን «ሙያው ላይ ነው ወይ?» ነበር የምትለው። ፒዛ የሚያደርሰውን ልጅ በእርሳስ «ሙያው ላይ አይደለም» ብለህ ትጽፈው ነበር፣ ከጎኑ ደግሞ ጥያቄ ምልክት። በዚህ በኩል መዝገብህ ከሕጉ ይበልጣል። ይህን ለሴትዮዋ ብነግራት ደስ ይላት ነበር፣ ግን ጡረታ ወጥታለች አሉኝ።

ያን ሰሞን ነው ለእማዬ ደውዬ የጠየቅኳት። «ያን ጊዜ ለምን ነበር ቴክኒክ የከለከለኝ?» አልኳት። የአያቴን ለቅሶ፣ የሽማግሌዎቹን ነገር ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀጥቃጭ እንዳልባል ፈርቶ ነው ትለኛለች ብዬ። አልሆነም። «መዝገቡን ስለሚያውቀው ነዋ!» አለችኝ።

ያን ዓመት ክረምቱን ሙሉ ከሦስት ዓመት በፊት ያስመረቅካቸውን ልጆች ስትፈልግ ነበር አለችኝ። ግማሾቹን እንኳ ሙያቸው ላይ አላገኘሃቸውም። አንዱ ታክሲ ረዳት ሆኗል፣ አንዱ ሱቅ ይጠብቃል፣ ብዙዎቹ ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። አዳራሽ ገብተህ የምታምነውን ተናገርክ። ቤት ስትመጣ ደግሞ የምታውቀውን አሰብክ። እኔን ከሁለቱ መሃል ነበር ያስቀመጥከኝ። ለአገር ልጆች ተስፋ አደረግክ፣ በራስህ ልጅ ግን መቆመር አቃተህ።

አልፈርድብህም። ብፈርድም አሁን ምን ይጠቅመናል? ግን ቅር የሚለኝን ልንገርህ። ያኔ መዝገቡን ገልጠህ ብታሳየኝ ኖሮስ? 16 ዓመቴ ነበር፣ ማንበብ እችል ነበር። «እይ፣ ይኸው፣ እፈራለሁ» ብትለኝ በሩን አልወረውርም ነበር። ምናልባት አሁንም ቴክኒክ ልግባ እልህ ይሆናል፣ እሱን አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ግን አባቴ በአዳራሽ ሌላ በቤቱ ሌላ ነው እያልኩ አልኖርም ነበር።

ጡረታ የወጣህ ቀን ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጡህ። 2011 ነው፣ አስረኛ ክፍል ፈተናም የዚያን ዓመት ነው ያበቃው። አንተም ፈተናውም አብራችሁ ወጣችሁ እያልን ቀለድን። በ2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ደውለህ «አየህ፣ ክህሎት የሚባል ሚኒስቴር መጣ» አልከኝ። ድምፅህ ወጣት ሆኖ ነበር። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ደግሞ፣ ያ ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ያለፈበት፣ ሌላ ሰው ሆነህ ደወልክ። «እነዚህ ሁሉ ወደ እኛ በር ነው የሚመጡት። ማሽኑ የታለ? አሠልጣኙ የታለ?» አልክ። ወደ እኛ በር! ጡረታ ከወጣህ ሦስት ዓመት አልፎህ ነበር እኮ።

በል ላብቃ። አንድ ሰው ለበዓል እየመጣ ነው፣ ካሊፐር ልኬልሃለሁ። ቁጥሩን በመስኮት የሚያሳይ ነው፣ በባትሪ የሚሠራ። አውቃለሁ፣ የድሮው ይሻልሃል። ባትሪው ሲያልቅ ስሜን እንዳታነሳ፣ ሁለት ትርፍ ባትሪ ከሥር አድርጌያለሁ። የጉልበትህ ማሰሪያም አለ፣ እሱን ለእማዬ ስጣት፣ እሷ ታስርልሃለች።

መዝገቡ አልጋው ሥር ካርቶን ውስጥ እንዳለ እማዬ ነግራኛለች። አውጣውና አንድ መስመር ጨምርልኝ። አንተ ያስመረቅከኝ አይደለሁም፣ ግን አንድ ጊዜ ደንብህን ጣስ። ስሜን ታውቀዋለህ። ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ 2019። ሙያ፣ ማቀዝቀዣና አየር ማስተካከያ። የት ገባ የሚለው ላይ ሜሪላንድ በል፣ ሙያው ላይ ነው፣ አንድ ለማጅ ይዟል። ለማጁ ትናንት የማጥበቂያ ቁልፉን ጣራ ላይ ረስቶት ወረደ። ዛሬ አላስገባሁትም፣ መኪና ውስጥ አስቀመጥኩት። አኩርፏል። ነገ ምን ልበለው? አንተ በማግስቱ ምን ነበር የምትላቸው? እሱን ነው የረሳሁት። ስደውል ንገረኝ፣ ካርድ አይቃጠልም።

ልጅህ